ሁለት ፓስፖርትና አንድ ዱባ

ዞሪያና አዲሱን ሰማያዊ ፓስፖርቷን ተቀብላ ከወረዳው ጽሕፈት ቤት ስትወጣ ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። የቬርቢቭካ መንደር ሰው ወሬው ሲደርሰው "የደስታ ነው" አለ። የምን ደስታ! ልጅቷ ያለቀሰችው ከእንግዲህ እዚያ መንደር ለመቆየት የምታቀርበው ሰበብ ስላለቀባት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ዞሪያና ዩክሬን ውስጥ ቬርቢቭካ ተወልዳ፣ ገና የወተት ጥርሷ ሳይነቀል እናቷ ስቴፋኒያ ወደ ጣሊያን ይዛት ሄደች። ስቴፋኒያ የሰው ወለል እየወለወለች፣ የሰው አሮጊት እያጠበች፣ ልጇን ፓዶቫ ከተማ ላይ ፋርማሲስት አደረገቻት። ዩክሬን የሚባል ስም በዚያ ቤት አይነሳም ነበር። ቋንቋው ብቻ ቀረ፤ እሱም ቢሆን ስቴፋኒያ በሌላ ቋንቋ መቆጣት ስለማይሆንላት ነው። ታዲያ ባለፈው ግንቦት አያቷ ፕሮኪፕ በጠና ታመሙ ሲባል ዞሪያና የጣሊያን ፓስፖርቷን ይዛ፣ ለአንድ ሳምንት ብላ መጣች። አያቷ ዳኑ። እሷ ግን ወደ ፖላንድ በእግር በሚያሻግረው ድንበር ላይ ስትመለስ ተያዘች።

ማን ያዛት ቢባል፣ ያሬማ።

መስኮቱ ውስጥ የተቀመጠው ረጅሙ የድንበር ጠባቂ ፓስፖርቷን ገለጥ አድርጎ፣ "የትውልድ ቦታዎ ዩክሬን ይላል። ዜግነትዎን በይፋ ትተዋል?" ብሎ ጠየቃት። ለስለስ ያለ መልስ ብትሰጥ ኖሮ ምናልባት ነገሩ በዚያው ያልፍ ነበር። ግን የእናቷ ልጅ ናት። ሰልፉ ሁሉ እስኪሰማ፣ "እኔ? ዜግነቴን? አልተውኩም፣ አልተውምም! የዚሁ አገር ልጅ ነኝ!" አለች። ከኋላዋ የተሰለፉት ነጋዴ ሴቶች አጨበጨቡላት። በዚያ አዳራሽ ያላጨበጨበ አንድ ሰው ብቻ ነበር።

"እንኳን ደስ አለዎት" አለ ያሬማ ረጋ ብሎ። "እንግዲያው የዚህ አገር ልጅ ከዚህ አገር የሚወጣው በዚህ አገር ፓስፖርት ነው። እኛ ዘንድ እርስዎ ጣሊያናዊት አይደሉም።"

"ታዲያ የዚህን አገር ፓስፖርት ከየት ላምጣ?"

"ከወረዳዎ።"

"በስንት ጊዜ?"

ያሬማ ትንሽ አሰበና፣ "እሱ እንግዲህ እንደ ወረዳው ነው" አለ።

ወረዳውም አላሳፈረውም። ወረቀት ወረቀት እየወለደ ግንቦት አለፈ፣ ሰኔ አለፈ። ያሬማ በመጀመሪያው የዕረፍት ቀኑ ቆቡን በእጁ ይዞ ፕሮኪፕ ደጅ ቆመ። "ሕጉን መቀየር አልችልም፤ መንገዱን ግን ላሳይዎት እችላለሁ" አለ። ሞተር ሳይክል ነበረው። ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ሲያመላልሳት፣ በተዘጋ በር ፊት አብረው ሲጠብቁ፣ "እርስዎ" የሚለው ቃል ከመካከላቸው መቼ እንደወደቀ ሁለቱም አላወቁም። ከቢሮ ሲመለሱ የአያቷን ጓሮ አብረው ውሃ ያጠጡ ነበር። አንዱ ዱባ ልክ አጥቶ እንደ በርሜል ሲያብጥ ያሬማ በመጣ ቁጥር ቆቡን አንስቶ፣ "ጌታዬ፣ እንዴት ሰነበቱ?" ይለዋል። ዞሪያና ሳቋ ይመጣል። ከሳቋ በኋላ ደግሞ ሆዷ ይባባል፤ ወዳዋለችና።

እናቷ ይህን በስልክ አሸተተች። ስቴፋኒያን ማታለል የማይታሰብ ነው።

"ሆን ብሎ ነው ያስቀረሽ!" አለቻት። "ጣሊያናዊት ሚስት ፈልጎ ነው! እኔ የማላውቃቸው መሰለሽ?"

ይህቺ ቃል እንደ እሾህ ተሰካች። ነሐሴ ላይ ወንዙ ዳር ተቀምጠው ሳለ ዞሪያና ድፍረቷን ሰብስባ ጠየቀችው።

"ያን ቀን ያስቀረኸኝ ሕጉ ብቻ ነው?"

ያሬማ ጆሮው ድረስ ቀላ። "ሕጉ ነው" አለ። ሌላ ቃል ስትጠብቅ ዝም አለ። እጇን ወደ እጁ ስታስጠጋ ብድግ ብሎ ቆመና፣ "ፓስፖርትሽ ይምጣ፤ ያኔ እናወራለን" አላት። ልቧ ክፉኛ ተሰበረ። ለእሷ የተሰማት፣ ቶሎ ሂጂልኝ ያላት ያህል ነበር።

* * *

ፓስፖርቱ በመጣ ማግስት አያቷ ፕሮኪፕ የሱፍ ዘይት ሊያስጨምቁ ወደ መጭመቂያው ሄደው ነበር። ዞሪያና ሻንጣዋን እየሸከፈች ሳለ በሩ ተንኳኳ። ስትከፍት ሁለት ትልልቅ ሰዎች ቆመዋል፤ የያሬማ አጎትና የቤተ ክርስቲያኑ ዘማሪ። አጎትየው ሰፊ ክብ ዳቦ በሁለት እጁ ይዟል። ከኋላቸው ያሬማ፣ ተተኩሶ ቀጥ ያለ ባለ ጥልፍ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ፣ ዓይኑን ወለሉ ላይ ተክሏል።

"እኛ አዳኞች ነን" አለ አጎትየው ጢሙን እያሻሸ። "ከሩቅ አገር የመጣች አንዲት ቆንጆ ቀበሮ ስንከተል ዱካዋ ከዚህ ደጅ ገባ። አላየሻትም እንዴ፣ ልጄ?"

ዞሪያና ግራ ገባት። ወደ ጓሮ አየችና፣ "እኔ ቀበሮ አላየሁም። ዶሮዎቹም ሁሉም አሉ" አለች።

ዘማሪው ሳቁን በሳል ሸፈነ። አጎትየው ግን አልተበገረም፤ ስለ ቀበሮዋ ጅራት፣ ስለ ጎበዙ ወጣት አዳኝ፣ አዳኙ እንቅልፍ ስለማጣቱ እያጣፈጠ ቀጠለ። ዞሪያና አንዱንም አልሰማችም። ያሬማን ነበር የምታየው። 'ያኔ እናወራለን' አላለም ነበር? ይኸው ፓስፖርቱ መጣ። ሰው ሰብስቦ ሊሸኛት መጣ እንጂ አንዲት ቃል አልተነፈሰም። ቀና ብሎ እንኳ አላያትም።

ግን ምንም ቢሆን እንግዳ ባዶ እጁን አይሸኝም፤ እናቷ እንዲህ ነው ያሳደገቻት። ደግሞስ ይህን ሰው ባዶ እጁን መስደድ እንዴት ይሆንላታል? ምን እንዳላት አሰበች። በዚህ አገር የራሷ የምትለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ውሃ ያጠጣችው፣ አረም የነቀለችለት፣ እሱ ቆቡን እያነሳ ሰላም የሚለው። ወደ ጓሮ ሮጠች። ትልቁን ዱባ በሁለት ክንዷ አቅፋ፣ እያለከለከች ተመለሰችና ያሬማ ደረት ላይ አስቀመጠችለት።

"ይኸው" አለች፣ እንባዋን ለመደበቅ ፈገግ ብላ። "ከእኔ ለአንተ ነው።"

የአጎትየው ጢም ወደ ታች ወረደ። ዘማሪው አማተበ። የያሬማ ፊት ግን፣ አቤት! ደሙ ከፊቱ ላይ ሙልጭ ብሎ ሄደ። ዱባውን እንደ ሕፃን አቅፎ ለረጅም ጊዜ ተመለከታት፤ ከዚያ ጎንበስ ብሎ፣ "አመሰግናለሁ። ይቅናዎት" አለ።

ይቅናዎት? አንቺ ሲላት ከርሞ ዛሬ እርስዎ?

አጥሩ ላይ ተደግፋ ሲሄድ አየችው። መንደሩን ከዳር እስከ ዳር፣ ያንን የሚያህል ዱባ ታቅፎ፣ አንገቱን ደፍቶ ሄደ። ሴቶች ከየአጥሩ ብቅ እያሉ አፋቸውን በእጃቸው ይይዙ ነበር። አንዴ እንኳ አልዞረም። ዞሪያና ያን ዕለት ያላዘነችው ሐዘን የለም።

አያቷ ከሰዓት በኋላ ሲመለሱ ወሬው ከደጅ ተቀብሏቸው ኖሮ ቆባቸውን ሳያወልቁ ተቀመጡ።

"ዱባውን ሰጠሽው?"

"ሰጠሁት፣ አባባ።"

"ትልቁን?"

"ትልቁን።"

ሽማግሌው አገጫቸውን አሹ። "ትንሹ አይበቃም ነበር?"

"እንዴ አባባ! ለያሬማ ትንሹን ልስጥ? ይገባዋል እኮ!"

ፕሮኪፕ አማተቡና፣ "እንግዲህ ልብሽ ነው፤ ምን እላለሁ" አሉ። ከዚያ በኋላ ስለ ነገሩ አልተናገሩም። በነጋታው ስትሄድ ግን የስንቅ ዳቦዋን ከሣጥን ባወጡት ቀይና ጥቁር ጥልፍ ባለው ረጅም ፎጣ ጠቅልለው ሰጧት። "የአያትሽ ነው። እኔን ባገባች ጊዜ የሰጠችኝ። አንቺም አንድ ቀን... ብቻ ያዢው" ብለው ፊታቸውን አዞሩ። ዞሪያና አንገታቸው ላይ ተጠምጥማ እየተንሰቀሰቀች ወጣች።

* * *

ድንበሩ ላይ እንደ ሁልጊዜው ሰልፍ ነበር። ዞሪያና 'ምነው ሌላ ሰው መስኮቱ ላይ በተቀመጠ' እያለች ትጸልያለች፤ በዚያው ትንፋሽ 'ምነው እሱ በሆነ' ትላለች። እሱ ነበር።

ሰማያዊውን ፓስፖርት ሰጠችው። ያሬማ አላያትም። ገጹን ገልጦ፣ ማህተሙን አነሳና ትንሽ ቆየ። 'በለኝ' አለች በልቧ፤ 'አንድ ቃል በለኝና ሻንጣዬን እዚሁ ልጣለው።'

ማህተሙ ጧ አለ።

"ሁሉም የተሟላ ነው" አለ ያሬማ። "ማንም አያስቀርዎትም። መልካም ጉዞ።"

በሁለቱ አገሮች መካከል በሽቦ የታጠረ ረጅም መተላለፊያ አለ። ዞሪያና እዚያ ስትገባ ሽቦውን ይዛ እንባዋን ለቀቀችው። ከኋላዋ እየተንኳተተች የምትመጣ ወፍራም ሴት አጠገቧ ቆመች። ሃኑሲያ ትባላለች፤ ስቶኪንጓ ውስጥ ሲጋራ እየሸጎጠች ፖላንድ የምትነግድ፣ ይህን መተላለፊያ እንደ ቤቷ ኮሪደር የምታውቅ ሴት ናት።

"አንቺ ልጅ፣ የግንቦቷ 'አልተውምም' አይደለሽም እንዴ? ያጨበጨብንልሽ! ምን ሆንሽ፣ የኔ ቆንጆ? ዛሬ አሳለፉሽ አይደል?"

"አሳለፉኝ፣ አክስቴ። እሱ ነው ያሳለፈኝ" አለች ዞሪያና እየተነፋረቀች። "አንዲት ቃል ሳይናገር! ትናንት አጎቱን ይዞ ቤቴ መጣ፣ ዳቦ ይዘው መጡ፣ ስለ ቀበሮ ሲያወሩ ዋሉ፣ እሱ ግን ዝም! እኔ እንኳ ባዶ እጁን እንዳይሄድ ትልቁን ዱባ ሰጥቼው..."

የሃኑሲያ ቦርሳ ከእጇ ወደቀ።

"ምን ሰጠሽው?"

"ዱባ።"

"ወይኔ ጉዴ!" ሃኑሲያ ወደ ኋላ ዞራ ጮኸች። "ሴቶች! ኑ ስሙ! ይቺ ልጅ ሽማግሌ ተልኮባት ዱባ ሰጥታለች! ያውም ትልቁን!"

ሴቶቹ ተሰበሰቡ። አንዷ ሽቦው ላይ ተደግፋ በሳቅ ተንፈራፈረች፤ ሌላዋ ደረቷን መታች። ዞሪያና አንዷን ከአንዷ እያፈራረቀች ታያለች።

"ምን አጠፋሁ? ዱባ ምን አለው?"

ሃኑሲያ ሳቋን ዋጥ አድርጋ ትከሻዋን ያዘቻት። "የኔ እናት፣ እናትሽ አልነገረችሽም? እኛ ዘንድ ሰው ዳቦ ይዞ፣ ሽማግሌ አስከትሎ ሲመጣ ሊያገባሽ እየጠየቀሽ ነው። የሚያወሩት ሽማግሌዎቹ ናቸው፤ እሱ አፉን ይዞ ይቆማል፣ ወጉ ነው። ከወደድሽው ጥልፍ ፎጣ ትሰጪዋለሽ። ካልወደድሽው ዱባ! ዱባ ማለት 'ከደጄ ጥፋ፣ ዓይንህን አልይ' ማለት ነው። አንቺ ደግሞ በሰው ፊት አሸክመሽ ሰደድሽው!"

ዞሪያና ክው ብላ ቀረች። የያሬማ ፊት፣ አማትቦ የቆመው ዘማሪ፣ አፋቸውን የያዙት ሴቶች፣ 'ትንሹ አይበቃም ነበር?' ያሉት አያቷ፣ ሁሉም ባንዴ መጡባት። 'ይገባዋል እኮ!' ብላ ነበር ደግሞ! አፈር ብትውጣት ወደደች።

"ፓስፖርትሽ መቼ ደረሰ?" አለች ሃኑሲያ ድንገት።

"ሊጠይቀኝ ከመምጣቱ አንድ ቀን በፊት።"

"ሲጠብቅ ነበራ!" ሃኑሲያ አሁን አልሳቀችም። "እሱ ራሱ ያስቀራትን፣ መውጫ የሌላትን ሴት አግቢኝ ብሎ እንዴት ይጠይቅ? ጨዋ ሰው ነው።"

'ፓስፖርትሽ ይምጣ፤ ያኔ እናወራለን።' ዞሪያና ያን ቃል ቂም አድርጋ የያዘችው ለካ የክብር ቃል ኖሯል። ያ ሁሉ ዝምታ ንቀት አልነበረም፣ ቸልታ አልነበረም። እሺ ብትለው በነጻነቷ እሺ እንድትል፣ እምቢ ብትለውም በሩ ክፍት እንዲሆን አንደበቱን አስሮ ክረምቱን የከረመ ሰው ነው። እሷ ደግሞ ዱባ አሸከመችው!

ወደ ኋላ ልትሮጥ ዞረች። ሃኑሲያ ክንዷን ለቀም አደረገቻት።

"የት ልትሄጂ? እዚህ ወደ ኋላ መሮጥ የለም፤ ያስሩሻል። መጀመሪያ ፖላንድ ትገቢያለሽ፣ ከዚያ እንደ ሰው በመግቢያው በኩል ትመለሻለሽ። ደግሞ ከምሳ በፊት እንዳትሰለፊ! ከምሳ በኋላ መስኮት ይቀያየራሉ፤ ያንቺ ረጅሙ ሰውዬ ያኔ ነው መግቢያው ላይ የሚቀመጠው።"

"እርግጠኛ ነሽ፣ አክስቴ?"

"በዚህ መስኮት ልጅ አሳድጌበታለሁ! ሂጂ አሁን፣ አፍንጫሽን ጥረጊ።"

ዞሪያና አፍንጫዋን ጠረገች። ከግንቦት ወዲህ ልቧ እንዲህ ቀሎት አያውቅም።

* * *

በፖላንድ በኩል ባለው መስኮት ሌላውን ፓስፖርቷን፣ የጣሊያኑን አሳየችና አለፈች። ከመኪና ማቆሚያው፣ ልትወስዳት ከፓዶቫ ድረስ የመጣችው እናቷ ጥቁር መነጽሯን አናቷ ላይ ሰቅላ እየሮጠች መጣችና አቀፈቻት።

"ተፈታሽልኝ! ግቢ፣ ግቢ፣ ከዚህ ቶሎ እንሂድ። ማሽተት አልፈልግም ያንን አገር።"

"እማ፣ ዱባ መስጠት ምን ማለት እንደሆነ ለምን አልነገርሽኝም?"

የስቴፋኒያ እጅ የመኪናው በር ላይ ቆመ። "ለማን ሰጠሽ?"

"ለያሬማ።"

"ለዘበኛው? እሰይ! እሰይ የኔ ልጅ!"

"ሳላውቅ ነው የሰጠሁት። ልመልሰው እሄዳለሁ።"

ስቴፋኒያ ፊቷ ተለዋወጠ። "ሃያ ዓመት ሙሉ በጉልበቴ እየዳህኩ የሰው ወለል የወለወልኩት፣ አንቺ ለድንበር ዘበኛ ሾርባ እንድትሠሪ ነው? ሆን ብሎ አስቀረሽ ብዬ ነግሬሽ አልነበር?"

"ያስቀረኝ የገዛ አፌ ነው፣ እማ። እሱ ሆን ብሎ ያደረገው ሌላ ነው፤ መሄድ እስክችል ጠበቀኝ።" የዞሪያና ዓይን ከእናቷ ዓይን አልሸሸም። "ወለል ወልዋይ ናት ያሳደገችኝ። አንድ ቀን አፍሬባት አላውቅም። መስኮት ላይ ተቀምጦ እውነቱን በሚናገር ሰው ለምን አፍራለሁ?"

ስቴፋኒያ የመኪናውን በር ለቀቀች።

ዞሪያና ሁለቱንም ፓስፖርቶች አውጥታ አሳየቻት። "አንቺ ስትሄጂ ምርጫ አልነበረሽም። እኔ አለኝ። በአንዱ መሄድ እችላለሁ፣ በአንዱ መመለስ እችላለሁ። ይህን የሰጠሽኝ አንቺ ነሽ፣ እማ። በጉልበትሽ የዳህሽው ለዚህ ነው።"

የእናቷ ዓይን ከፓስፖርቶቹ ወደ ቦርሳዋ ወረደ። ከቦርሳዋ አፍ የጥልፉ ጫፍ ወጥቶ ይታይ ነበር። ስቴፋኒያ በጣቷ ጫፍ ነካችው።

"የእናቴ ፎጣ ነው" አለች በቀስታ። "አባባ ሰጠሽ?"

"ዳቦ ጠቅልሎበት ነው።"

"ወንድ አይደል!" ስቴፋኒያ ፎጣውን መዝዛ አወጣች፤ ዳቦውን ክንዷ ሥር ወሸቀችና ፍርፋሪውን አንድም ሳይቀር አራገፈች። እያራገፈች እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። ፎጣውን እንደ ወጉ አጠፈችው፣ ጥልፉ በውጭ በኩል እንዲሆን። "ፍርፋሪ ያለበት ፎጣ አይሰጥም። በአንድ እጅም አይሰጥም፤ በሁለት እጅሽ ነው። ሰማሽኝ? በመንደሩ ፊት አታሰድቢኝ።"

"እማ..."

"ለአባቴም ለበዓል እመጣለሁ በይው። ሂጂ! ሳልቆጣ ሂጂ!" ድምፅዋ ቁጣ ነው፤ ያቀፋት ክንዷ ግን አልለቃት ብሎ ነበር። ዞሪያና የእናቷን ልብ ያን ቀን አየችው።

* * *

ከምሳ በኋላ የመግቢያው ሰልፍ እስከ መንገዱ ድረስ ተዘርግቶ ነበር። ነጋዴ ሴቶች ቦታቸውን ለማንም አይለቁም፤ ለነፍሰ ጡር እንኳ ተጨቃጭቀው ነው። ሃኑሲያ ከፊት ሆና፣ "የዱባዋ ልጅ መጣች! አሳልፏት!" ስትል ግን ሰልፉ ለሁለት ተከፈለ። ዞሪያና በመካከላቸው ስታልፍ አንዷ ፀጉሯን አስተካከለችላት፣ አንዷ ትከሻዋን ቸብ አደረገቻት፣ አንዷም "በርቺ!" አለቻት።

ያሬማ መስኮቱ ውስጥ ነበር። ዓይኑን ሳያነሳ እጁን ዘረጋ።

"ፓስፖርት።"

ሰማያዊውን ሰጠችው። ገለጠው። የጠዋቱን የመውጫ ማህተም፣ የራሱን ማህተም ሲያይ ጣቱ ደረቀ። ቀስ ብሎ ቀና አለ።

"ምን... ምን ረስተው ነው?"

"ለምን እንደመጣሁ አትጠይቀኝም?"

"ዜጋ ለምን መጣህ አይባልም" አለ፣ ድምፁ ተሰባብሮ። "አገርዎ ነው።"

"ጠይቀኝ።"

"ለምን መጡ?"

"እንደሱ አይደለም። ድሮ እንደምታናግረኝ ጠይቀኝ።"

ያሬማ ወደ መስተዋቱ ጠጋ አለ።

"ለምን መጣሽ?"

"ዱባዬን ልወስድ።"

ከኋላ አንዷ ሴት ሳቋ አምልጧት አፏን ያዘች። ዞሪያና ግን አልሳቀችም፤ እንባዋ በጉንጯ እየወረደ ነበር። "እኔ ያደግኩበት አገር ዱባ ዱባ ነው፣ ያሬማ፤ ይበላል፣ አለቀ። ማንም አልነገረኝም። ሊሰናበተኝ የመጣህ ነበር የመሰለኝ። ካለኝ ሁሉ የምወደውን መርጬ ነው የሰጠሁህ። ትልቁን የሰጠሁህ ስለምወድህ ነው!"

ፎጣውን በሁለት እጇ፣ እናቷ እንዳለቻት፣ በመስኮቱ ክፍተት በኩል ዘረጋችለት። ቀዩና ጥቁሩ ጥልፍ በመስተዋቱ ሥር እጁ አጠገብ ደረሰ።

ያሬማ አልነካውም። ፊቱ ላይ ደሙ ተመልሷል፤ እጁ ግን ጠረጴዛው ላይ እንደተጨበጠ ነው።

"ዞሪያና፣ አሁን መሄድ ትችያለሽ" አለ። "የሚይዝሽ ሕግ የለም። እኔም አልይዝሽም። ይህን አውቀሽ ነው?"

"ሄጄ ነው የተመለስኩት" አለችው።

በዚያች ቅጽበት የያሬማ ጭብጥ ተፈታ። ፎጣውን በሁለት እጁ ተቀበለ፤ ጣቶቿንም ከፎጣው ጋር ያዘ፣ አልለቀቀም። ክረምቱን ሙሉ የታሰረው አንደበቱ ያኔ ተለቀቀ።

"እናቴ ዱባውን ለአሳማ ልትሰጠው ነበር" አለ፣ እየሳቀም እያለቀሰም። "እኔ ነኝ የከለከልኳት። አልጋዬ አጠገብ ነው ያለው። ከእጅሽ የተቀበልኩት እሱን ብቻ ነበርና እንዴት ልጣለው? እወድሻለሁ። ከግንቦት ጀምሮ፣ 'አልተውምም' ብለሽ ከጮኽሽባት ሰዓት ጀምሮ እወድሻለሁ።"

"ማህተሙን ምታላት እንጂ ሰውዬ!" አለች ሃኑሲያ ከኋላ። "ሰልፍ አለ!"

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ያሬማ አንድ እጁ የዞሪያናን ጣቶች እንደያዘ፣ በሌላው ማህተሙን አንስቶ ከጠዋቱ ማህተም ጎን መታው፤ መውጫዋና መግቢያዋ በአንድ ገጽ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ሴቶቹ ልክ እንደ ግንቦቱ ማጨብጨብ ጀመሩ፣ ኧረ ከግንቦቱም ይልቅ። በዚያን ቀን ያላጨበጨበው ሰውዬም ዛሬ ብድግ ብሎ ቆመ፤ ጥልፉን ፎጣ በትከሻው ላይ ጣል አድርጎ፣ በሁለት እጁ፣ ከሁሉም በላይ ድምፁ እስኪሰማ ድረስ አጨበጨበላት።